በጾም ቀን የተጠጣ ውሃ

"ሙሽራችን ግመል ናት እንዴ?" አሉ እትዬ ከሙና፣ የሾርባውን ድስት ወደ ገበታው መሐል እየገፉ።

ገበታው ሁሉ ሳቀ። ኦራም አብራ ሳቀች፤ ግን የያዘችውን የውሃ ብርጭቆ ሳትጨርስ አስቀመጠችው።

ፀሐይዋ ከብርቱካኑ እርሻ በላይ ዝቅ ብላለች። እሷ ስትጠልቅ የስርየት ቀን ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነገ ማታ ኮከብ እስኪታይ ድረስ በመንደራችን እህልም ውሃም የለም። ለዚህ ነው ከሙና በዚህ እራት ላይ ኩስኩሱንም የዶሮ ሾርባውንም ጨው ነስተው የሚሠሩት፤ ሰው እንዳይጠማው። በዚህ ሰዓት ሁሉም ውሃ ይጠጣል። ባለቤታቸው ጋሼ ሁማኒ፣ የምኩራባችን አለቃ፣ ማንቆርቆሪያውን አጠገባቸው አድርገው ደጋግመው ይቀዳሉ። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ብርጭቆ የኦራ ብቻ ዓይን የገባው ለምንድን ነው?

"ጠጪ እንጂ፤ እማዬ ስትቀልድ ነው" አላት እጮኛዋ ዛብሎን በዝቅተኛ ድምፅ።

"በቃኝ።"

"እናትሽ ቤትም እንዲህ ትጠጫለሽ?" ከሙና አልለቀቋትም። ድምፃቸው የቀልድ ነው፤ ዓይናቸው ግን እየቀለደ አልነበረም። "ከእናንተ ቤት ውሃ የሚያበዛ ሰው አለ እንዴ?"

"የለም እትዬ። ሙቀቱ ነው።"

ውሸቷን ነው። እስቲ እውነቱን ልንገራችሁና እናንተም ከኦራ ጋር አብራችሁ ተጨነቁ። ኦራ ገና ልጅ ሳለች ነው ኩላሊቷ ጠጠር መሥራት የጀመረው። ከምንበላው ሥጋና እንቁላል ሰውነታችን የሚያገኘው ሲስቲን የሚባል ነገር አለ። የጤነኛ ሰው ኩላሊት ሲስቲኑን መልሶ ያስቀረዋል፤ የእሷ ግን ከሽንት ጋር ይለቀዋል። ሲስቲን ደግሞ ውሃ ሲያንሰው አይሟሟም። ይረጋል፣ ይጠነክራል፣ ቢጫ ጠጠር ሆኖ ቁጭ ይላል። የሐኪሞቹ ዋና ትእዛዝ ውሃ ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ ጠማም አልጠማም። ከትሪፖሊ በመጣነው አይሁዳውያን ዘንድ ይህ ነገር ከሌላው ሕዝብ ይበዛል ይባላል። ነገር ግን ቤት ለቤት ብትጠይቁ፣ እኛ ጋ አለ የሚል አንድ ሰው አታገኙም። ሁልጊዜ ያለው ጎረቤት ቤት ነው።

ከዛብሎን በፊት ኦራን የጠየቀ ሌላ ቤተሰብ ነበር። ስለ ጠጠሩ ሰሙና በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ሚሳ ጠዋት ማታ አንድ ምክር ብቻ ነው ያላቸው፤ "እስክትጋቢ ድረስ አፍሽን ያዢ። ከዚያ በኋላ የባልሽ ጉዳይ ነው።" ሚሳን ክፉ እንዳትሏቸው፤ ልጃቸውን ለመዳር የጓጉ እናት ናቸው። ደግሞም የልጅቷ አባት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ እሷም የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው የምትሠራው። የዛብሎን ቤተሰቦች፣ ሐጃጆች፣ ግን የመንደሩን ትልቁን የብርቱካን እርሻ የያዙ ናቸው። ከሙና እሺ ያሉት እንኳ ወደው አይደለም፤ ዛብሎን ከእሷ ሌላ አላገባም ብሎ ስላስቸገራቸው ነው።

በሌሎቹ ዓመታት ሚሳ በከተማው የሃይማኖት መምህር፣ በረቢው፣ ፈቃድ በጾሙ ቀን ለልጃቸው ውሃ ጉንጭ ጉንጭ እያደረጉ ያጠጧት ነበር። ዘንድሮ ግን ታጭታለች። በእኛ መንደር የታጨች ልጅ ከሠርጓ በፊት ያለውን ጾም የምትጾመው አማቷ ቤት፣ ከአማቷ ጎን ሆና ነው። ለመቅረት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ ያው ጠጠሩ ነው።

ከሙና ገበታውን ማንሳት ጀመሩ። ኦራ ያልጨረሰችው ብርጭቆ ከሌሎቹ ጋር ተነስቶ ሲሄድ በዓይኗ ተከተለችው። ክንዷ ላይ ያለው የእጮኝነት አምባር የዚያን ጊዜ ከበዳት።

* * *

ወደ ምኩራብ ሲሄዱ ሁለቱ ከሰዉ ወደ ኋላ ቀሩ። ሁለቱም ነጭ ለብሰዋል፤ በዚህ ቀን የቆዳ ጫማ ስለማይደረግ እግራቸው ላይ ያለው ሸራ ነው። መኪና በሙሉ ቆሟል። ልጆች ባዶውን አስፋልት በብስክሌት ይዘውታል።

"ማክሰኞ ዕለት እህቴ ጋ ነኝ አልሽኝ" አለ ዛብሎን።

ኦራ እርምጃዋን ቀነሰች። "አዎ።"

"እኔ ደግሞ ሳጥን ላራግፍ ከተማ ሄጄ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ከአውቶቡስ ስትወርጂ አየሁሽ። ተጣራሁ፤ አልሰማሽኝም። ወይም እንዳልሰማ ሆንሽ።"

"አልሰማሁህም። እውነቴን ነው።"

"እሺ ይሁን።" ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ነው ዛብሎን፤ አንድ ነገር ለመናገር ብዙ ቀን የሚያስብ። ይህንንም ብዙ ቀን እንዳሰበበት ያስታውቃል። "ገበታ ላይ ተቀምጠን ድንገት ተነስተሽ ትጠፊያለሽ። ሲኒማ ስንገባ ፊልሙን እኔ ብቻዬን አየዋለሁ፤ አንቺ በር ላይ ነሽ። በፊት የምታፍሪ ይመስለኝ ነበር። ቀጥሎ የምትሸሺኝ መሰለኝ። አሁን የሚመስለኝን ደግሞ ለመናገር እፈራለሁ።"

"ተናገረው።"

"ሌላ ሰው አለ?"

ኦራ ቆመች። ዓይኑን እያየች፣ "የለም። ከአንተ በቀር ማንም ኖሮ አያውቅም" አለችው።

አመናት። ፊቱ ሲለዝብ አየችው። ግን ቀጠለ፤ "ታዲያ ምንድን ነው ያለው?"

ለዚህኛው ዓይኑን ማየት አልቻለችም። የሸራ ጫማውን ማሰሪያ ስታይ ቆየች።

ከጾሙ በፊት ሰው ከሰው ጋር ይቅር ይባባላል። ፈጣሪ በሰው ላይ የተሠራን በደል የሚተወው፣ የተበደለው ሰው መጀመሪያ ሲተወው ነው፤ ይህን ሕፃናቱም ያውቁታል። ዛብሎን እጁን ደረቱ ላይ አደረገና፣ "እንግዲህ ልማዱን እናድርስ። አስቀይሜሽ ከሆነ፣ አሁንም ጥርጣሬዬ ጎድቶሽ ከሆነ፣ ይቅር በይኝ" አላት።

"ይቅር ብዬሃለሁ።"

ጠበቃት። ተራው የእሷ ነበር። ይቅር በለኝ ለማለት ግን ምኑን እንደሆነ መናገር አለባት፤ ያልተናገሩትን በደል ይቅር የሚል ሰው የለም። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። የእናቷ ድምፅ መጣባት፤ ቃሉን ወደ ውስጥ መለሰችው።

"ምንም የምትጠይቂኝ የለም ማለት ነው" አለ ዛብሎን። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ቀድሟት ወደ ወንዶቹ በር ሄደ፤ እሷም ሮጣ እጁን ለመያዝ እየፈለገች፣ እዚያው መንገዱ ላይ ቀረች።

* * *

በማግስቱ የበረሃው ነፋስ ተነሳ። ምኩራቡ ገና በጠዋት እቶን ሆነ። ኦራ ሰገነቱ ላይ፣ በሴቶቹ መቀመጫ፣ ከከሙና ጎን ተቀምጣ መጽሐፏን ትገልጣለች፤ ፊደሎቹ ግን አይገቧትም። ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቋል። ሽንት ቤት ስትሄድ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቁሮ አየችው። ዶክተር ሄለር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚከታተሏት ሐኪም፣ ምን ብለው እንደሚያስጠነቅቋት ታውቃለች፤ እንዲህ ሲሆን ውሃ ሳትጠጪ እንዳትውዪ።

ቀትር ላይ ጸሎቱ ሲያርፍ ሰው ወደየቤቱ ገብቶ ይተኛል። ለኦራ የተሰጣት ክፍል ከኩሽናው ጎን ነበር። ጋደም ብላ ሳለች የኩሽናው በር በቀስታ ሲዘጋ ሰማች። ቀጥሎ የቧንቧ ድምፅ። ቀጥሎ ብርጭቆ ሲቀዳ የሚያሰማው፣ እየሞላ ሲሄድ የሚቀጥነው ድምፅ። ጥሙ ነው ጆሮዬ ውስጥ የገባው ብላ ተነሳች። በባዶ እግሯ እስከ በሩ ሄደች።

በሩ ተከፈተ። የወጡት ጋሼ ሁማኒ ናቸው፤ ጢማቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። ጢማቸው እርጥብ ነው።

ተፋጠጡ። የሽማግሌው ፊት ከለበሱት ነጭ ልብስ ይልቅ ነጣ። ወገባቸውን ይዘው በእሷ አጠገብ አልፈው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። የምኩራቡ አለቃ፣ የጸሎቱን ተራ ለሰው የሚያድሉት ሰው፣ በስርየት ቀን ተደብቀው ውሃ ጠጡ። ኦራ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ቀናችባቸው።

ከሙና ከውስጥ ብቅ አሉ። ብርጭቆውን በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። "ምን ፈለግሽ ልጄ?"

"ምንም እትዬ። የሆነ ነገር የሰማሁ መስሎኝ ነው።"

"ምን ሰማሽ?"

"ምንም።"

ቧንቧው ከከሙና ትከሻ ኋላ ይታያል። ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ኦራ ዓይኗን ከእሷ ላይ ማንሳት አቃታት። እትዬ፣ እኔም ታማሚ ነኝ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ፤ ይህችን ታህል ቃል ነበረች የቀረቻት። ከሙና ደግሞ ልጅቷ ጠብታዋን ስታይ አዩ። በአንድ በር ላይ ሁለት ሴቶች ቆሙ፤ ሁለቱም የሚሸሽጉት ነበራቸው፣ ሁለቱም እንዳይታወቅባቸው ፈርተዋል።

"ሂጂ ተኚ የኔ ልጅ" አሉ ከሙና በመጨረሻ፣ በሩን ከኋላቸው እየሳቡ። "ጾም ሲከብድ ሰው የሌለውን ይሰማል።"

ኦራ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ከግራ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቶቿ ስር፣ የምታውቀው ነገር መቆንጠጥ ጀመረ። እንዳይሆን፣ ዛሬ እንዳይሆን እያለች ትራሱን ነከሰች።

* * *

የመዝጊያው ጸሎት ሲጀመር ሰው ሁሉ ይቆማል። የሰማይ በር ሊዘጋ ነውና ያለ የሌለው ድምፅ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው። ደካሞቹ እንኳ ይበረታሉ። ኦራ ግን መቆም አልቻለችም፤ መቀመጥም አልቻለችም። ሕመሙ ከጎኗ ተነስቶ ወደ ታች፣ እስከ ብሽሽቷ እየወረደ ይበሳታል። ትንሽ ይተዋትና ትንፋሽ ስትወስድ ተመልሶ ይመጣል። ሴቶቹን ከታች ከሚጋርደው የእንጨት ፍርግርግ ጋር ሄዳ ተለጠፈች። ጣቶቿን በቀዳዳዎቹ አስገብታ ጨመቀች።

ዛብሎን ከታች ቆሞ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀና ላለማለት ሲታገል ነው የዋለው። ቀና አለ። ፊቷን አላየም፤ በፍርግርጉ የወጡት ጣቶቿን አየ። ነጥተዋል። አምባሩ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ጣቶቹ ጠፉ። ሰገነቱ ላይ ወንበር ወደቀ፤ አንዲት ሴት ጮኸች።

ዛብሎን ደረጃውን እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። ወንድ በጸሎት ሰዓት ወደ ሴቶች ሰገነት መውጣቱን መንደሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል፤ እሱ ግን ያየው ኦራን ብቻ ነው። ወለሉ ላይ በጎኗ ተጠቅልላ፣ ጉልበቷን ደረቷ ድረስ ሰብስባ፣ ግንባሯ በላብ ርሷል። ሴቶቹ በሽቶ ጨርቅ ያናፍሷታል። "ጾሙ ነው የጣላት" ይላሉ። "ደካማ ናት፣ የከተማ ልጅ።"

"ጾሙ አይደለም" አለ ከበስተኋላ አንድ ድምፅ።

ጋሼ ሁማኒ ነበሩ። የጸሎት መጎናጸፊያቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ፣ ከታች እስከ ላይ እያነከሱ ወጥተዋል። የልጅቷን አተኛኘት አዩ፤ ጎኗን የያዘችበትን እጅ አዩ።

"ውሃ አምጡላት።"

"ሁማኒ፣ ተው" አሉ ከሙና።

"አልተውም።"

"በሰው ፊት..."

"በቃ ከሙና። እኔ እንዲህ ሆኜ ስወድቅ በር ትዘጊልኝ ነበር። ይህችን ልጅ በምን ልትዘጊባት ነው?" ወደ ሴቶቹ ዞሩ፣ በፍርግርጉም ወደ ታች፣ ቀና ብሎ ወደሚያየው ጉባኤ። "ስሙ ሁላችሁም። ኩላሊቴ ጠጠር ይሠራል። ሲስቲን ነው ይሉታል። ካገባሁ ጀምሮ በየጾሙ ቀን ቤቴ ገብቼ ውሃ ጠጥቻለሁ። ዛሬም ጠጥቻለሁ። ይህችም ልጅ የእኔው በሽታ ነው ያለባት፤ ዓይቼ አልሳሳትም።"

ከታች የመንደራችን ረቢ፣ የፍራጂ፣ ድምፅ መጣ፤ አርጅተዋል፣ ግን ይሰማሉ። "ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነፍስ ከጾም ትቀድማለች። በሩን ዝጉ ያልኩት ግን የለም። ውሃ ስጧት፣ አምቡላንስም ጥሩ።"

ውሃውን ያመጣው ዛብሎን ነው። ተንበርክኮ ጭንቅላቷን በክንዱ ደገፈ። ኦራ ከንፈሯን ገጥማ በዙሪያዋ ያሉትን ሴቶች አየች። የሠርጓ ጥሪ የደረሳቸው ሴቶች ናቸው።

"እውነት ነው?" አላት ዛብሎን። "አባዬ ያለው?"

በጭንቅላቷ አዎ አለችው።

"ሆስፒታል የሄድሽው ለዚህ ነው?"

አዎ።

ብርጭቆውን አስጠጋላት፤ ጠጣች። ግን ሌላ ቃል አልተናገራትም፣ ዓይኗንም አላየም። የሚያየው አባቱን ነበር፤ ከዚያ እናቱን፣ ከዚያ ደግሞ ወለሉን። ሲሸከሟት ከታች የቀንደ መለከቱ ድምፅ ወጣ። ሰው ሁሉ ጾሙን ፈታ፤ ኦራ ግን ከሕመሙ ይልቅ የዛብሎን ዝምታ ደረቷ ላይ ተቀምጦባት ሄደች።

* * *

ሐኪሞቹ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የታገደውን ሽንት አሳለፉት። ጠዋት ስትነቃ ሕመሙ ለቋት ነበር፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ይንጠባጠባል። እናቷ ሚሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሐረባቸውን ያፍተለትላሉ።

ዶክተር ሄለር ዛብሎንን ኮሪደሩ ላይ ነው ያነጋገሩት፤ በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ኦራ ሁሉንም ሰማች። "አባትህ በሽታው ካለባቸው አንተ ግማሹን ይዘሃል፤ ይህ አይቀርም። አንተ ምናልባት አንድም ቀን ላትታመም ትችላለህ። እሷ ግን ከአባቷም ከእናቷም ወርሳዋለች። ከእሷ ከወለድክ እያንዳንዱ ልጅ የእሷን ሕመም ይዞ የመወለድ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ሕመሙ ይያዛል፤ ውሃ አለ፣ መድኃኒት አለ። ግን ይድናል ብዬ አልዋሽህም።"

ኦራ አምባሯን አወለቀችና መዳፏ ውስጥ ያዘችው።

ዛብሎን ሲገባ ሚሳ ተነስተው ወጡ። ያንኑ የጾሙን ነጭ ልብስ ነው የለበሰው፤ ተጨማድዷል።

"ሰምቻለሁ" አለችው ኦራ፣ እሱ ከመጀመሩ በፊት። "ዶክተሯ ያሉህን ሁሉ። እንካ።"

እጇን ዘረጋች። አምባሩን አየው፤ አልተቀበላትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ዋዜማው ላይ ይቅር በይኝ ስልሽ አንቺ ዝም አልሽኝ" አለ።

"ከየት ልጀምር?"

"አሁን ጀምሪ።"

"ጠጠሩን ደበቅሁህ። እህቴ ጋ ነኝ ብዬ ዋሸሁህ። ስጠማ አልጠማኝም አልኩ። በሽታዬን ከምታውቅ ብትጠረጥረኝ ይሻላል ብዬ ጥርጣሬ ላይ ተውኩህ። ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ።"

አምባሩ ግን መዳፏ ላይ እንደተዘረጋ ነበር።

"ፈርቻለሁ ኦራ" አለ። "አልደብቅሽም። ከትናንት ጀምሮ አንድ ልጅ ይታየኛል። ያንቺ ዓይን ያለው ልጅ፣ ጎኑን ይዞ የሚጮህ።"

"ለእኔም ይታየኛል። ካወቅሁህ ጀምሮ ይታየኛል። ለዚህ ነው አምባሩን ውሰደው የምልህ።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ትምህርቴን ለምን እንዳቋረጥኩ ታውቂያለሽ?"

"እርሻው ሰው አጥቶ።"

"አይደለም። አባዬ ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ሲንከባለል አይቼ ነው። ሳጥን ተሸክሞ ነው፣ ወገቡ ተቀጭቶ ነው አሉኝ። እኔ ሳጥኑን ልሸከምለት ትምህርቴን ጥዬ ገባሁ። ይኸው ዓመታት ተሸክሜለታለሁ። ለካ ሳጥኑ አልነበረም። ለካ የፈለገው ሰው ውሃ እንዲቀዳለት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ቤት ስንኖር አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ በእጄ ሰጥቼው አላውቅም፤ በሩ ተዘግቶብኝ።"

ኦራ አለቀሰች። ለሽማግሌው ይሁን ለልጁ ይሁን ለራሷ ሳታውቅ አለቀሰች።

"ሕመሙ ያስፈራኛል፤ በሩ ግን ይበልጥ ያስፈራኛል" አለ። "ልጃችን ቢታመም ውሃውን ገበታ ላይ ይጠጣል፤ በሰው ፊት፣ በጾሙም ቀን። ማንም ቢስቅበት አንተም ጠጣ ይለዋል። ይህን ቃል ስጪኝ። ከሰጠሽኝ እኔ የትም አልሄድም።"

"ከሁለት አንድ ነው ብለውሃል እኮ።"

"ሰምቻለሁ። ቁጥሩ ስለገባኝ ነው ቃል የምጠይቅሽ።"

"ሰጥቼሃለሁ" አለችው። አምባሩን ከመዳፏ ላይ አነሳና መልሶ አጠለቀላት። ጣቶቹ ክንዷ ላይ ቆዩ።

በሩ ተንኳኳ። ከሙና ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ጾም መፍቻውን የዘቢብ ዳቦ፣ በሌላው የቤታቸውን ማንቆርቆሪያ ይዘዋል። ዳቦውን ወደ ጎን አስቀመጡና ማንቆርቆሪያውን ይዘው ቆሙ።

"ይቅርታ ከጾሙ በፊት ነበር መባል ያለበት። እኔ ረፈደብኝ" አሉ። ኦራን አላዩዋትም፤ ማንቆርቆሪያውን ነው የሚያዩት። "ቤቴ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ አውቄሻለሁ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው ውሃ ሲጠጣ ሳይ ኖሬ ይጠፋኛል? የቀለድኩብሽ አፍረሽ እንድትሄጂ ብዬ ነው። ለልጅ ልጆቼ ፈርቼ። ትናንት በሩ ላይ ቆመሽ ያቺን ጠብታ ስታዪ፣ እያወቅሁ ሂጂ ተኚ አልኩሽ። ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም።"

"እማ!" አለ ዛብሎን።

"ተው፣ ለእሷ ነው የምናገረው።"

ኦራ ከሙናን አየቻቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የለም እትዬ፣ ምንም አይደል ትል ነበር። አሁን ግን ምንም እንዳልሆነ ሆና መናገር ሰልችቷታል። "ጎድተውኛል እትዬ" አለች። "እኔም ዋሽቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ።"

ከሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልተው ሰጧት። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ዞረው፣ "ሁማኒ፣ እዚያ ግድግዳ ተደግፈህ አትቁም። ግባ። በሩንም ተወው፣ አትዝጋው" አሉ።

ሽማግሌው ገቡ። ሚሳም ከኋላቸው ገቡ፤ ግሉኮሱን ልታይ የመጣች ነርስም በር ላይ ቆመች። ከሙና ቀድተው ሰጧቸው። ጋሼ ሁማኒ ብርጭቆውን ተቀበሉና፣ ከልማድ ብዛት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዛብሎን ተነሳ። አባቱን በትከሻቸው ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ሰዉ መለሳቸው።

ጠጡ። በቀስታ፣ እስከ መጨረሻው። ጢማቸው ረጠበ፤ አልጠረጉትም።

"ከእንግዲህ በቤታችን ግመሉ ሁለት ሆነ" አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ከሙና ናቸው፤ እንባቸው እየወረደ። ኦራ ብርጭቆዋን ጨርሳ ወደ ማንቆርቆሪያው ዘረጋች።

"ይጨምሩልኝ እትዬ" አለች።